የጉልበት ሎሚ ስብራት፦ በሽቦ ታስሮም የሚያስቸግረው ለምንድን ነው?

እግራችሁን ዘርግታችሁ ተቀመጡና ጭናችሁን ላላ አድርጉት። የጉልበታችሁን ሎሚ በጣት ስትገፉት ወዲያ ወዲህ ይላል። አሁን ጭናችሁን ወጠር አድርጉ። ሎሚው ወደ ላይ ሸርተት ብሎ ቀጥ አለ አይደል? ችግሩ ሁሉ የሚጀምረው ከዚህች ጉተታ ነው። ሎሚው ለሁለት ሲሰበር የጭን ጡንቻ የላይኛውን ስባሪ ወደ ላይ ይስበዋል። የታችኛው በጅማት ከቅልጥም አጥንት ጋር እንደተያያዘ ይቀራል። ለመጠገኛ የሚገባው ሽቦውም፣ ብሎኑም፣ ፕሌቱም (አጥንት ላይ የሚታሰር ዝርግ ብረት) የሚታገሉት ከዚሁ ጋር ነው።

ወድቄ ተነሳሁ፤ እግሬን ቀጥ አድርጌ ማንሳት ግን አቃተኝ

ሁለት ምክንያት ሊኖረው ይችላል። አንደኛው፣ አጥንቱ ተሰብሮ በጎንና ጎኑ ያሉት ጅማቶች አብረው ተቀደዋል። ሁለተኛው፣ ሕመሙ ብቻ ነው የከለከላችሁ። ሐኪሙ ጉልበት ውስጥ የተጠራቀመውን ደም በመርፌ ቀድቶ፣ ማደንዘዣ ጨምሮ እንደገና «አንሱ» ሊላችሁ ይችላል። አሁንም እምቢ ካለ፣ ለቀዶ ጥገና የሚከለክል ሌላ ሕመም ከሌለ በስተቀር ቀዶ ጥገና ነው መንገዱ።

ከተነሳስ? ያኔ ራጁ ይታያል። በስባሪዎቹ መካከል ያለው ክፍተት ከ3 ሚሊ ሜትር ካልበለጠ፣ የመገጣጠሚያው ገጽም ከ2 ሚሊ ሜትር በላይ ከፍና ዝቅ ካላለ፣ ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት እግርን ቀጥ አድርጎ በሚይዝ ድጋፍ ይድናል።

እግረ መንገዴን፦ አንዳንድ ሰው ሲፈጠር ጀምሮ ሎሚው ሁለት ክፍል ነው፤ ራጅ ላይ ስብራት ሊመስል ይችላል። የተለየችው ቁራጭ አብዛኛውን ጊዜ በላይኛው የውጭ ጥግ ላይ ናት፤ ጠርዟም እንደ ስብራት የሾለ ሳይሆን ለስለስ ያለ ነው። ጥርጣሬ ካለ የሌላኛውን ጉልበት ራጅ ማንሳት ይጠቅማል፤ እዚያም ልትገኝ ትችላለች።

የእኔ በሽቦ ታሰረ፣ የሌላው ሰው በፕሌት። ተበደልኩ?

አልተበደላችሁም። ዘዴውን የሚወስነው የስብራቱ ዓይነት ነው። ሎሚው በአግድሙ ለሁለት ከተከፈለ፣ ሁለት ቀጫጭን የብረት ዘንጎች ቁልቁል ይገቡና ሽቦ በ8 ቁጥር ቅርጽ ከፊት ለፊት ይታሰርባቸዋል። ብልሃቱ ያለው ሽቦው ፊት ለፊት መሆኑ ላይ ነው። ጉልበት ሲታጠፍ ስብራቱ ከፊት በኩል ሊከፈት ይፈልጋል። ሽቦው ግን አይለጠጥም። ስለዚህ ኃይሉ ዞሮ ከኋላ፣ በመገጣጠሚያው በኩል፣ ስባሪዎቹን እርስ በርስ ያጣብቃል። ሊለያየው የነበረው ጉተታ ራሱ ገጣሚ ሆነ ማለት ነው። እኔ ይህን ባሰብኩ ቁጥር ይደንቀኛል።

በዘንጎቹ ፈንታ መሃላቸው ክፍት የሆነ ብሎኖች ገብተው ሽቦው በውስጣቸው ሊያልፍም ይችላል። ጠንከር ይላል፤ ከቆዳ ሥር የሚጎረብጥ ጫፍም ይቀንሳል።

ሎሚው ብዙ ቦታ ከደቀቀ ግን የሽቦው ብልሃት ብቻውን አይሠራም። ከኋላ የሚደገፍበት ሙሉ አጥንት ስለሌለ ሎሚው ይጨማደዳል። ያኔ ትንንሽ ፕሌቶች ይመጣሉ። የደቀቀው የታችኛው ጫፍ ብቻ ከሆነ ደግሞ ፍርፋሪው ወጥቶ ጅማቱ ከቀሪው አጥንት ጋር በጠንካራ ክር ሊሰፋ ይችላል። ሎሚውን ሙሉ በሙሉ ማውጣት የመጨረሻው አማራጭ ነው፤ ያለ እሱ የጭን ጡንቻ እግር የመዘርጋት አቅሙ በግልጽ ይቀንሳል።

ስንበረከክ ይወጋኛል

ከቀዶ ጥገና በኋላ በብዛት የሚሰማው ስሞታ ይህ ነው። እዚያ ቦታ ሥጋ የሚባል ነገር የለም፤ ከቆዳው ቀጥሎ አጥንት ነው። ጣታችሁን ብታሳርፉ የዘንጉ ጫፍ እንደ ክብሪት ራስ ይነካችኋል። አጥንቱ መግጠሙ በራጅ ከታየ በኋላ ብረቱን ማስወጣት ይቻላል። ከዚያ በፊት ትዕግሥት። ነገር ግን ጫፉ ላይ ያለው ቆዳ ከሳሳ፣ ነጣ ካለ ወይም ከቀላ ቀጠሮ አትጠብቁ።

ጉልበቴ አልታጠፍ አለ

ፈርቶ እግርን ዘርግቶ መክረም ነው አንዱ ዋና ምክንያት። ጠባሳው ይደድራል፣ ጡንቻው ይከሳል። በጠንካራ ብረት የሚታሰረው እኮ ቶሎ መንቀሳቀስ እንዲቻል ነው! ሐኪሙ ከፈቀደበት ቀን ጀምሮ በፊዚዮቴራፒ ቀስ በቀስ ማጠፍ ያስፈልጋል። ቤተሰብ ግን ይዞ በግድ አያጥፍላችሁ፤ ያልገጠመ አጥንት ሊላቀቅ ይችላል። ወራት አልፈውም ካልላላ፣ በማደንዘዣ ውስጥ ሆኖ የሚታጠፍበት ወይም በትንሽ ቀዳዳ በሚገባ ካሜራ እየታየ ጠባሳው የሚላቀቅበት መንገድ አለ።

ራጁ ላይ ሽቦው ተበጥሷል

አትደንግጡ። ጥያቄው «ሽቦው ተበጠሰ?» ሳይሆን «አጥንቱ ገጥሟል?» ነው። ከገጠመ፣ የተበጠሰ ሽቦ እስካላስቸገረ ድረስ ባለበት ሊቀመጥ ይችላል። ድንገት ቀጭ ብሎ እግር ማንሳት ካቃታችሁ ግን ስባሪዎቹ ተለያይተው ይሆናል። እግሩን ሳትረግጡበት፣ ሳታጥፉት ሆስፒታል ሂዱ። እንደገና መታሰር ሊያስፈልገው ይችላል።

ዛሬውኑ የሚታዩ

ቁስሉ ፈሳሽ ወይም መግል ካወጣ፣ ሙቀትና ትኩሳት ካለ ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል። ብረት ላይ የተጣበቀ ባክቴሪያ በዘፈቀደ በተገዛ ክኒን አይለቅም። አንድ ባት ብቻ አብጦ ካመመ የደም መርጋት ይጠረጠራል፤ የትንፋሽ ማጠር ከታከለበት ድንገተኛ ነው። በጀሶ ውስጥ ያለ እግር ከቁርጭምጭሚት ቀና አልል ካለም ጀሶው ነርቭ ተጭኖ ይሆናል፤ ሳያድር መላላት አለበት።

ገጥሟል ተባልኩ፤ ደረጃ ስወርድ ግን ያመኛል

ከአጥንቱ ጀርባ ያለው ልስልስ ሽፋን በወደቃችሁ ዕለት አብሮ ተጎድቶ ሊሆን ይችላል። እሱ ደግሞ በሽቦም በብሎንም አይጠገንም። የሚረዳው ጭንን ማጠንከር፣ ክብደት ካለ መቀነስ፣ ጥልቅ ቁጢጥ ማለትንና መንበርከክን ማሳነስ ነው። ደረጃ ስትወርዱ መደገፊያውን ይዛችሁ የታመመውን እግር አስቀድሙ።