ጨዋታ ለሚከብደው ሰው፦ ከሰው ጋር ያለ ጭንቀት መነጋገርን የመለማመጃ መንገድ

በአማርኛ «ጨዋታ» የሚለው ቃል ኳስ ለሚያንከባልሉ ልጆችም፣ ተቀምጠው ለሚያወጉ አዋቂዎችም ያገለግላል። የዓይነ አፋር ሰው ችግር የሚጀምረው ይህን ጨዋታ እንደ ፈተና መቁጠር ሲጀምር ይመስለኛል፤ አፉን ከመክፈቱ በፊት የሚናገረውን በልቡ ያሰናዳል፣ ከተናገረ በኋላ ደግሞ ምን ብለውኝ ይሆን እያለ የራሱን ቃል ይመረምራል፣ በዚህ መሐል ፊት ለፊቱ የተቀመጠው ሰው የሚናገረው ሳይሰማ ያልፋል። ከዚህ በታች የሚቀርቡት ልምምዶች የተለያዩ ቢመስሉም የሁሉም ዓላማ አንድ ነው፤ ይኸውም ትኩረትን ከራስ ላይ አንሥቶ በሚያነጋግሩት ሰው ላይ ማሳረፍ ነው። በራስ መተማመንም በዚህ በኩል የሚመጣ ነው እንጂ መስታወት ፊት ቆሞ «እኔ ደፋር ነኝ» በማለት የሚገኝ አይመስለኝም።

የሰው ፊት የሚያስፈራው ሰው ሌሎች እንዴት እንደሚያዩት የሚገምተው ከእነርሱ ፊት አንብቦ ሳይሆን ከራሱ ስሜት ተነሥቶ ነው። ልቡ ስለመታ ድምፁ እንደተንቀጠቀጠ፣ ፊቱ ስለጋለ ሰው ሁሉ ማፈሩን እንዳየበት ይቆጥራል። ዴቪድ ክላርክና ኤድሪያን ዌልስ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በ1995 እ.ኤ.አ. ባቀረቡት ማብራሪያ፣ ፍርሃቱ እንዳይለቅ ከሚያደርጉት ነገሮች አንዱ ይኸው ወደ ውስጥ የዞረ ትኩረት መሆኑን አስረድተዋል። ሌሎች ግን እኛ የምንፈራውን ያህል አያስተውሉንም። ቶማስ ጊሎቪችና ባልደረቦቹ በ2000 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ የሚያሳፍር ሥዕል የታተመበት ካናቴራ ለብሰው ሌሎች ወደተቀመጡበት ክፍል እንዲገቡ የተደረጉ ተማሪዎች፣ በክፍሉ ካሉት ግማሽ ያህሉ ሥዕሉን ልብ እንዳሉት ገምተው ነበር፤ በእርግጥ ልብ ያሉት ግን ሩብ ያህሉ ብቻ ነበሩ።

ስለዚህ ወደ ሰው መሐል ሲገቡ ለራስዎ የሚሰጡት ሥራ አሳምሮ መናገር ሳይሆን ማወቅ ይሁን፤ ከሚያገኙት ሰው ቀድሞ የማያውቁትን አንድ ነገር ይዘው ለመመለስ ይግቡ። ልብዎ መምታት ሲጀምር ለማቆም አይታገሉ፤ እርሱ ይምታ፣ እርስዎ ግን ሰውየው የተናገረውን የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር በውስጥዎ ይድገሙት። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ትኩረትዎ በየደቂቃው ወደ ራስዎ ሲመለስ ያገኙታል፤ ባገኙት ቁጥር ሳይቆጡ መልሶ ወደ ሰውየው መላክ ነው።

ጨዋታ መጀመር የሚቸግራቸው ብዙዎች ብልህ የሆነ መክፈቻ ሲፈልጉ ጊዜው ያልፍባቸዋል። ብልህ መክፈቻ አያስፈልግም። የማኅበረሰብ አጥኚው ብሮኒስላቭ ማሊኖቭስኪ ገና በ1923 እ.ኤ.አ. እንደጻፈው፣ ሰላምታና ስለ አየር ሁኔታ የሚደረግ ወግ ዓላማው መረጃ መስጠት ሳይሆን ሰውን ከሰው ማቀራረብ ነው። ከሁሉ የሚቀለው ሁለታችሁም ካላችሁበት ሁኔታ መነሣት ነው፤ ስብሰባው ከዘገየ «እስከ ስንት ሰዓት ያቆዩናል ብለው ያስባሉ?» ማለት ይበቃል። በሌላ በኩል ሲጠየቁም በር አይዝጉ። ምን እንደሚሠሩ ሲጠየቁ «የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ» ብሎ ዝም ማለት የጠያቂውን እጅ ባዶ ያስቀራል፤ «የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ በዚህ ሰሞን የዓመቱ ሒሳብ የሚዘጋበት ስለሆነ እንቅልፍ የለኝም» ቢሉት ግን የሚይዘው ነገር አገኘ።

ጨዋታ የሚሞተው ግን ከመክፈቻው ይልቅ ሁለተኛው ዙር ላይ ነው፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ጥቂት መቆየት ያስፈልጋል። አንድ ባልደረባዎ «ቅዳሜ ቀኑን ሙሉ የእህቴን ዕቃ ሳጓጉዝ ዋልኩ» አለዎት እንበል። አንዱ ሰው «እኔም አምና ቤት ስቀይር እንዴት እንደተሠቃየሁ!» ብሎ ወሬውን ወደ ራሱ ይወስደዋል። ሌላው «አይ፣ ከባድ ነው፤ ለመሆኑ ኳስ ታያለህ?» ብሎ ወደ ሌላ ርዕስ ይዘላል። ሦስተኛው «ከዕቃው ሁሉ ያስቸገራችሁ የቱ ነው?» ብሎ ይጠይቃል፤ ባልደረባውም በደረጃው አላልፍ ስላለው የእናታቸው ቁም ሣጥን ያነሣል፣ ከቁም ሣጥኑ እናታቸው ይመጣሉ፣ ሳያስቡት ግማሽ ሰዓት ይሄዳል። ከሦስቱ በብልሃት የተናገረ የለም፤ ልዩነቱ ሦስተኛው የሰማውን መያዙ ነው። ካረን ሁዋንግና ባልደረቦቿ በ2017 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናትም ብዙ የሚጠይቁ ሰዎች፣ በተለይም አሁን ከተሰማው መልስ ላይ ተነሥተው የሚጠይቁት፣ በሚያነጋግሯቸው ዘንድ ይበልጥ እንደሚወደዱ ታይቷል።

እንዲህ ያለውን ጥያቄ ለማግኘት ከሰሙት ዓረፍተ ነገር ውስጥ ስሜት ያረፈበትን ቃል ይፈልጉ። ድምፅ ከፍ ወይም ዝቅ ያለበት፣ ወይም ሁለት ጊዜ የተነሣው ቃል ብዙውን ጊዜ እርሱ ነው። «ለምን» የሚለውን ጥያቄ በጥንቃቄ ይጠቀሙበት፤ «ለምን ሥራ ለቀቅክ?» የምርመራ ድምፅ አለው፣ «ለመልቀቅ ምን አስወሰነህ?» ግን ታሪክ ይጋብዛል። ደግሞም ጥያቄ ብቻ የሚያዘንብ ሰው መርማሪ ይመስላል፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ከጠየቁ በኋላ ከራስዎም ጥቂት ይስጡ፣ ከዚያ ኳሱን ይመልሱ። የራስን ታሪክ ማንሣት ነውር የለበትም፤ ነውሩ የሌላውን ሳያስጨርሱ ማንሣት ነው።

ዝምታን በተመለከተ አንድ አስደናቂ ነገር አለ። በ2009 እ.ኤ.አ. ታንያ ስቲቨርስና ባልደረቦቿ በ10 ቋንቋዎች ላይ ባደረጉት ጥናት፣ አንዱ ተናጋሪ ከጨረሰ በኋላ ሌላው እስኪጀምር የሚያልፈው ጊዜ በአማካይ 200 ሚሊሰከንድ አካባቢ ሆኖ ተገኝቷል፤ ይህም የሰከንድ አንድ አምስተኛ ነው። አንድን ቃል አስቦ ለመናገር ከዚህ የበለጠ ጊዜ ስለሚፈልግ፣ ሁላችንም ሌላው ሳይጨርስ መልሳችንን ማሰናዳት እንጀምራለን ማለት ነው። ሁለት ሰከንድ ዝም ማለት እንደ ገደል የሚሰማን ከዚህ ፍጥነት አንጻር ነው እንጂ ጥፋት ስለሆነ አይደለም። ዝምታው ሲመጣ ይተንፍሱ፤ የሚሉት ከጠፋዎት ወደ ኋላ ሄደው የተቋረጠ ክር ይሳቡ፦ «ቅድም ስለ እህትህ አዲስ ቤት ጀምረህ ነበር።»

ስለ ሰውነት አቋም ብዙ ምክር ይሰጣል፤ ከግንኙነት 93 በመቶው ከቃል ውጭ ነው የሚባለውም በየሥልጠናው ይሰማል። ይህ ቁጥር ከአልበርት ሜራቢያን የ1967 እ.ኤ.አ. ሙከራዎች ላይ ያለ አግባብ የተወሰደ ነው፤ ሙከራዎቹ ስሜትንና መውደድን አለመውደድን ብቻ የሚመለከቱ ነበሩ እንጂ የሰው ንግግር ሁሉ በዚህ ይለካል አላሉም። ፊትን ወደ ተናጋሪው ማዞር፣ ስልክን ከጠረጴዛ ላይ ማንሣትና ዓይንን ሳያፈጡ ማየት ይበቃል። ብዙ ሰው ባለበት ጨዋታ ደግሞ ቀደም ብሎ አጭር ነገር መናገር ኋላ የሚከብደውን ያቀላል፤ ንግግሩ የተቋረጠበትን ሰው «ቀጥል፣ አቋርጠንሃል» ማለትም ምንም ድፍረት የማይጠይቅ፣ ግን የማይረሳ ውለታ ነው።

መሰናበትም ይለመዳል። አዳም ማስትሮያኒና ባልደረቦቹ በ2021 እ.ኤ.አ. እንዳሳዩት ሁለቱም ተነጋጋሪዎች በፈለጉበት ሰዓት የሚያበቃ ጨዋታ ከ100 ውስጥ 2 ገደማ ብቻ ነው፤ ምክንያቱም እያንዳንዱ ፍላጎቱን ደብቆ የሌላውን ይጠብቃል። ሰበብ ከመፈልሰፍ ይልቅ ከሰሙት አንዱን አንሥቶ መሰናበት ያምራል፦ «የቁም ሣጥኑ ነገር አስቆኛል፤ አሁን ልሂድ፣ ሌላ ቀን እንጨዋወታለን።»

ልምምዱን ከቀላል ወደ ከባድ ያስኪዱት። መሸሽ ወዲያው እፎይታ ይሰጣል፤ ያ እፎይታ ነው በሚቀጥለው ጊዜ ፍርሃቱን የሚያበረታው። በመጀመሪያው ሳምንት በየቀኑ ሰላም ለሚሉት ሰው ከሰላምታው በላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ይጨምሩ፤ በሁለተኛው ለማያውቁት ሰው አንድ ጥያቄ ያቅርቡ፤ በሦስተኛው በጽሑፍ ሊልኩት የነበረውን መልእክት ደውለው ይንገሩ፤ ከዚያም በስብሰባ ላይ አንድ ጊዜ ይናገሩ። ከመግባትዎ በፊት ይደርስብኛል ብለው የሚፈሩትን በአንድ መስመር ይጻፉ፣ ሲወጡ በእርግጥ የሆነውን ከሥሩ ያስፍሩ። እኔ ራሴ የምናገረውን ቃል በቃል በወረቀት ጽፌ ስብሰባ የምገባበት ዘመን ነበር፤ ወረቀቱን እየጠበቅሁ ሰው የሚለውን ሳልሰማ እወጣ ነበር። ስልክ ላይ ማቀርቀር፣ ጥግ መያዝ፣ በልብ መለማመድ ሁሉ የዚያ ወረቀት ዘመዶች ናቸውና አንድ በአንድ ይተዋቸው።

ፍርሃቱ 6 ወርና ከዚያ በላይ ቆይቶ ከሥራ፣ ከትምህርት ወይም ከወዳጅነት የሚያግድ ከሆነ ግን ነገሩ ከዓይነ አፋርነት ያለፈ ሊሆን ስለሚችል የአእምሮ ጤና ባለሙያ ማየት ይገባል፤ ሐሳብንና ድርጊትን አብሮ የሚያርመው፣ ከባለሙያ ጋር በመነጋገር የሚሰጠው የሥነ ልቦና ሕክምና ለዚህ ፍቱንነቱ የተረጋገጠ ነው።

ማታ ጋደም ሲሉ የቀኑን ንግግር እየመረመሩ ራስዎን መክሰስ ከጀመሩ፣ ዳኛው አድልዎ እንዳለበት ያስታውሱ፤ ኤሪካ ቡዝቢና ባልደረቦቿ በ2018 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ አዲስ የተዋወቁ ሰዎች ሌላው የወደዳቸውን ያህል እንዳልወደዳቸው አድርገው ሲገምቱ ተገኝተዋል። ከክሱ ይልቅ የሰውየውን ስምና ከነገረዎት አንዱን ጉዳይ በማስታወሻ ያስቀምጡ፤ በሚቀጥለው ሲያገኙት መክፈቻው «ያ ቁም ሣጥን በመጨረሻ ገባ?» ይሆናል።