የታሸገ የምኒልክ ብር፦ እንደገና ለግሬድ ይላክ ወይስ ባለበት ይቅር?

ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ውስጥ የሚገኝ የታሸገ የምኒልክ ብር አብዛኛውን ጊዜ ከውጭ በዘመድ ሻንጣ የገባ ነው። ስላቡ (የታሸገበት ጠንካራ ፕላስቲክ) ላይ ኤዩ 58 የሚል ግሬድ (የጥራት ደረጃ፤ ኤዩ በጥቂቱ የተሻሸ፣ ኤምኤስ ለግብይት ያልዋለ ማለት ነው) ተጽፎ ባለቤቱ «ይሄ እኮ ኤምኤስ 62 ነበር የሚገባው» ይላል። ልክ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ቁጥሩ እዚያ ላይ ለምን እንደቆመ ሳይታወቅ የተላከ ሣንቲም ብዙ ጊዜ ያንኑ ቁጥር ይዞ ይመለሳል፤ ለባለቤቱ የሚተርፈው የመላኪያው ወጪ ነው።

ከሁሉ በፊት ስላቡ ራሱ ይፈተሽ። ስላቡ ውስጥ ባለው ወረቀት ላይ ያለውን የምስክር ቁጥር ሣንቲም ገምግመው በሚያሽጉት የአሜሪካ ኩባንያዎች፣ በኤንጂሲ ወይም በፒሲጂኤስ፣ ድረ ገጽ አስገቡ። ፎቶ ካለው ጭረቱንና የቀለሙን ነጠብጣብ ከያዛችሁት ጋር ቦታ በቦታ አመሳክሩ። የምስክር ቁጥሩ ትክክለኛ ሆኖ ስላቡ የተቀዳ፣ ውስጡም ሌላ ሣንቲም ያለበት ያጋጥማል።

ቀጥሎ ዓመቱን አንብቡ። ሣንቲሙ ላይ ፲፰፻፹፱ ካለ 1889 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጆቹ 1896/97 ማለት ነው። የግዕዝ ቁጥር በውጭ አገር ሰው እጅ ሲያልፍ ፯ እና ፱ መምታታታቸው አይገርምም፤ ፲፰፻፹፯ የሚል የምኒልክ ብርም አለና። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ዓመት ሣንቲሙ ላይ ካለው ጋር ካልገጠመ ጉዳዩ የግሬድ ሳይሆን የጽሑፍ ስህተት ነው። የሚጠየቀውም የወረቀት ማረሚያ ነው፤ ለእንደገና ግሬድ አትክፈሉ።

አሁን ወደ ብርሃኑ። የጦሳ ተራራ ጉም በለበሰበት ቀን በመስኮት ብርሃን ሣንቲም አትመልከቱ። የጉም ብርሃን ለስላሳ ስለሆነ ቀጫጭን ጭረቶችን ይውጣል፤ ሁሉም ሣንቲም ያምራል። ክፍሉን አጨልሙ፣ አንድ አምፖል ብቻ አብሩ፣ ስላቡን ከአምፖሉ ሥር አጋድማችሁ ቀስ ብላችሁ አዙሩት። አምስት እጥፍ የሚያጎላ ማጉያ ይበቃል። አሥር እጥፉ ስላቡ ላይ ያለውን ጭረት ከሣንቲሙ ጭረት ጋር ያደባልቅባችኋል።

የምትፈልጉት ተሻሽቶ ያለቀ ቦታ መኖሩን ነው። ያልተነካ ብር ሲዞር ብርሃኑ ከመሃል ወደ ጠርዝ እንደ ጨረር ይሽከረከራል። የንጉሡን ጉንጭና የዘውዱን ጌጥ፣ በጀርባው ደግሞ የአንበሳውን ትከሻ ተመልከቱ። ጨረሩ እዚያ ሲደርስ ጠፍቶ ቦታው ግራጫና ልሙጥ ሆኖ ከታየ ብሩ በእጅ ተሻሽቷል፤ 58ቱ ትክክል ነው። ጨረሩ ሳይቋረጥ ካለፈ፣ ቅርጹ ግን ያልጎላ ከሆነ፣ ያ ምቱ (ሣንቲሙ ሲሠራ ቅርጹ የተመታበት ኃይል) ደካማ ስለነበረ እንጂ ስላረጀ አይደለም። እንደገና መላክን የሚያስብ ሰው ጉዳዩ ያለው እዚህ ጋ ነው፤ ገምጋሚዎች ደካማ ምትን ከመሻሸት ጋር የሚያምታቱበት ጊዜ አለና።

ወረቀቱ ላይ ከቁጥር ይልቅ «ታጥቧል» ወይም «ማንጠልጠያ ተነቅሎለታል» የሚል ሐሳብ ካለ ነገሩ ይለወጣል። በእኛ አገር ጠገራውም (የማሪያ ቴሬዛ ብር) የምኒልክ ብሩም አንገት ላይ የዋለ ነው። ከንጉሡ ዘውድ በላይ ያለውን ጠርዝ ፈትሹ፦ ቆርቆሮ መሰል የብየዳ ቅሪት ወይም የተሞረደ ለስላሳ ቦታ ካለ ማንም ደግሞ ቢያየው ውጤቱ ያው ነው። በሎሚና በአመድ የተፈተገ ብር ደግሞ በአንድ አቅጣጫ የተደረደሩ ፀጉር መሰል መስመሮች ይኖሩታል። ከሌላ ሣንቲም ጋር ሲጋጭ የሚያገኘው ጭረት የተበታተነ ነው፤ ቁጥር ይቀንሳል እንጂ ቁጥር አያስከለክልም። የተፈተገውን አትላኩት። አንድ የሚድን ዓይነት አለ፦ ከፒቪሲ ፕላስቲክ የተረፈ አረንጓዴ ሙጫ። ይህ ሳይበላው ከተደረሰበት ባለሙያ ሊያነሳው ይችላል፤ ከኤንጂሲ ጋር የሚሠራው ኤንሲኤስ የዚህ ዓይነት ሥራ ላይ ነው።

መንገዶቹ እንዲህ ናቸው። አንደኛው ሣንቲሙ ከስላቡ ሳይወጣ የሚታይበት ነው፤ ካላደገ ባለበት ይመለሳል። ሁለተኛው ከስላቡ አውጥተው የቀድሞውን ቁጥር ሳያዩ የሚገመግሙበት ነው፤ ሊጨምርም ሊወርድም ይችላል። ሦስተኛው ወደ ሌላ ኩባንያ ማዛወር ሲሆን ቅጹ ላይ «ከዚህ ቁጥር በታች ከሆነ አታውጡት» ብሎ መጻፍ ይቻላል። ያንን መስመር ባዶ መተው ትልቁ ስህተት ነው። አራተኛው ራስ ሰብሮ እንደ አዲስ መላክ ነው። ለኤዩ 58 የምንመርጠው የመጀመሪያውን ነው፤ ሁለተኛው የሚያዋጣው የወረቀቱ ቁጥር ከሚገባው በግልጽ ሲያንስ ብቻ ነው። የእነዚህ አገልግሎቶች ስም ከኩባንያ ኩባንያ ስለሚለያይ ቅጹን ከመሙላታችሁ በፊት «ሊወርድ ይችላል» የሚል ሐረግ እንዳለበት አንብቡ። ስላብ ተቧጭሮ ብቻ ከሆነ ደግሞ የማሸጊያ ቅያሪ ይበቃል።

መስበር ካለባችሁ መዶሻ አይነካውም። ሁለቱንም ገጽ ፎቶ አንሡ፣ ስላቡን በፎጣ ጠቅልሉ፣ መነጽር አድርጉ፣ ማዕዘኖቹን በሽቦ መቁረጫ ፒንሳ አንድ በአንድ ቆንጥጡ። ስንጥቁ ወደ መሃል ሲሄድ ተዉት፤ ቀሪውን በእጅ ክፈቱት። ሣንቲሙን በጠርዙ ብቻ ያዙ፣ ማይላር (ፒቪሲ የሌለበት ፕላስቲክ) ከረጢት ውስጥ ክተቱ። አሮጌውን ወረቀት አትጣሉ፤ ለኩባንያው ካልተመለሰ አንዱ ሣንቲም መዝገቡ ላይ ሁለት ሆኖ ይቆጠራል።

ሒሳቡ በቀላሉ ይሠራል፦ ጠቅላላ ወጪን ለዋጋው ልዩነት ማካፈል። ለስሌት ያህል የግምገማ፣ የአያያዝ፣ የመመለሻና የኢንሹራንስ ወጪ ተደምሮ 90 ዶላር ይሁን። በ58 እና በ62 መካከል ያለው ልዩነት 200 ዶላር ቢሆን 90 ለ200 ሲካፈል 0.45 ነው። ከመቶ ቢያንስ 45 ዕድል ካላያችሁ ኪሳራ ነው። ከአራት አንድ የሚሆን ከመሰላችሁ የምትጠብቁት 50 ዶላር ብቻ ነው። አንዳንድ ኩባንያ ቁጥሩ ካደገ ተጨማሪ ክፍያ ስለሚጠይቅ ያንንም ጨምሩ። ዋጋውን ከተሸጡ ጨረታዎች ውሰዱ፤ ሻጭ የጠራው ዋጋ አይሆንም። ጠገራን በተመለከተ አጭር ነው፦ 1780 የሚል ዓመት ይዞ እስከ ዘመናችን ድረስ የተመታ ስለሆነ ተራው ዓይነት ይህን ሁሉ ወጪ አይሸከምም።

ከአገር ማስወጣት ሌላ ጉዳይ ነው። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ያለ ፈቃድ አይወጣም፤ የምኒልክ ብርም በዚያ ዓይን ሊታይ ይችላል። ሳይጠቀልሉ በፊት ቅርስ ባለሥልጣንን መጠየቅ፣ ከውጭ የገባበትን ደረሰኝና ሰነድ ማያያዝ ይገባል። ሣንቲሙ አሁንም አሜሪካ ዘመድ ቤት ካለ እዚያው ይቆይ፤ ከደሴ ሆኖ በአንድ አምፖል ሥር የተነሡ አምስት ስድስት ፎቶዎችን መመልከት ለውሳኔው ይበቃል፣ የሚልከውም እሱ ይሆናል።

እስኪወሰን ድረስ ስላቡን ከእርጥበት አርቁ። የደሴ ክረምት ብሩን ያጠቁረዋል፤ ስላብ አየር አያግድም። ክዳኑ የሚገጥም ሳጥን፣ ውስጡ ሁለት የሲሊካ ጄል ከረጢት፣ ከሳጥኑ ጋር ምንም የጎማ ነገር ወይም ጋዜጣ ሳይኖር።