የሊኑክስ ላይብረሪን ወደ ዊንዶውስ እንዴት እናሻግራለን? ከጋሽ ሰይድ ሱቅ የተማርኩት

ጋሽ ሰይድ ኮምቦልቻ ውስጥ የመኪና መለዋወጫ ይሸጣሉ። የዕቃ መመዝገቢያ ፕሮግራም ሥራልኝ ሲሉኝ፣ ደሴ ቤቴ ቁጭ ብዬ፣ ጋቢ ደርቤ፣ ኡቡንቱ በሚባለው ሊኑክስ ላይ ሠራሁት። ዳታውን ፋይል ላይ የሚያስቀምጥልኝ በሲ ቋንቋ የተጻፈ አንድ አነስተኛ የኦፕን ሶርስ ላይብረሪ (ሌላ ፕሮግራም የሚጠቀምበት የተዘጋጀ ኮድ) ነበር። ላይብረሪው የተጻፈው ለሊኑክስ ብቻ ነው። የሳቸው ኮምፒውተር ደግሞ ዊንዶውስ 10 ነው። «ሊኑክስ ልጫንልዎት?» ስላቸው «የለመድኩትን አትንካብኝ» አሉ። እውነታቸውን ነው።

ስለዚህ ላይብረሪውን ማሻገር ግድ ሆነ። በሁለት ቀን ያልቃል ያልኩት ሥራ ወር ተኩል በላ። እናንተ እንዳይበላባችሁ መንገዱን ልንገራችሁ።

ከመነካካታችሁ በፊት

ሌላ ሰው ሠርቶት እንደሆነ ፈልጉ። ለዊንዶውስ የተዘጋጁ ላይብረሪዎች የሚገኙባቸውን የኤምሲስ2 እና የቪሲፒኬጂ ማከማቻዎች አገላብጡ። ፈቃዱንም አንብቡ። ኤምአይቲ ከሆነ የፈቃዱን ጽሑፍ አብሮ መያዝ ይበቃል። ኤልጂፒኤል ከሆነ ግን ፕሮግራሙን ለሰው ስትሰጡ ያሻሻላችሁትን ላይብረሪ ሶርስ ኮድ ማቅረብ አለባችሁ።

ከዚያ አንድም መስመር ሳትነኩ ቴስቶቹን ሊኑክስ ላይ አሂዱ። እኔ ይህን ዘልዬ አንድ የሚወድቅ ቴስት ሦስት ቀን ሳሳድድ ከረምኩ። ለካ ድሮም ሊኑክስ ላይ የሚወድቅ ነው።

መሣሪያ

የማይክሮሶፍቱን የፕሮግራም መሥሪያ፣ ቪዥዋል ስቱዲዮን፣ ለማውረድ አትቸኩሉ። ብዙ ጊጋባይት ነው። የሌሊት ፓኬጅ ገዝቼ፣ አላርም ሞልቼ ተነሥቼ፣ ግማሽ ላይ ሲደርስ መብራት ሄደ። እዛው ኡቡንቱ ላይ ሚንጂደብሊው የሚባለውን ኮምፓይለር በአንድ ትእዛዝ ጫኑ። ሊኑክስ ላይ ሆኖ ለዊንዶውስ የሚሆን ፋይል ያወጣላችኋል። የወጣውን በዋይን፣ የዊንዶውስን ፕሮግራም ሊኑክስ ላይ በሚያስኬደው መሣሪያ፣ ሞክሩት። ለመጀመሪያው ሳምንት ከዚህ በላይ አያስፈልግም። ዋይን ላይ አለፈ ማለት ግን ዊንዶውስ ላይ አለፈ ማለት አይደለም፤ እሱን ኋላ እንመጣበታለን።

ላይብረሪው የሚገነባው በሜክፋይል ከሆነ ለሁለቱም ሲስተም ወደሚያስገነባው ሲሜክ ቀይሩት። ሲሜክን አልወደውም፣ ግን የተሻለ የለም።

የጎደለውን ቁጠሩ

መጀመሪያ ኮምፓይል ስታደርጉ ኤረር እንደ ክረምት ዝናብ ይወርዳል። አብሽሩ። አብዛኛው ሊኑክስ ላይ ኖረው ዊንዶውስ ላይ ከሌሉ ከሁለት ከሦስት ነገሮች የሚመጣ ነው። ሚንጂደብሊው የተወሰነውን ይሸፍንላችኋል፤ ሥራዎችን ጎን ለጎን የሚያስኬደውን ፒትሬድንም ይዞ ይመጣል። ፋይልን እንደ ሚሞሪ የሚያስነብበው ኤምማፕ ግን የለም። እሱ በአንድ ጥሪ የሚሠራውን ዊንዶውስ በሁለት ይከፍለዋል፤ አንዱ ማፒንጉን ይፈጥራል፣ ሌላው ወደ ሚሞሪ ያመጣዋል። የሚሄደውን ፕሮግራም የሚያባዛው ፎርክም የለም። የላይብረሪው ልብ ፎርክ ላይ ከተሠራ ሌላ ላይብረሪ ብትፈልጉ ይሻላል።

ምትክ የምትጽፉትን ሁሉ አንድ ፋይል ውስጥ ሰብስቡት። እኔ መጀመሪያ «ዊንዶውስ ከሆነ ይህን፣ ካልሆነ ያን» የሚለውን ኢፍዴፍን እንደ በርበሬ በየቦታው ነሰነስኩት። ከሳምንት በኋላ የራሴን ኮድ ማንበብ አቃተኝና ሁሉንም ጥዬ እንደ አዲስ ጀመርኩ።

ኤረር የማይሰጡ ስህተቶች

ኮምፓይለሩ ዝም አለ ማለት ዳር ደረስን ማለት አይደለም። 64 ቢት ሊኑክስ ላይ ሎንግ የሚባለው የቁጥር ዓይነት 8 ባይት ነው። 64 ቢት ዊንዶውስ ላይ 4 ባይት ብቻ ነው። ላይብረሪው ቁጥሩን በሎንግ ይዞ እንዳለ ፋይል ላይ የሚጽፍ ከሆነ፣ ሊኑክስ የጻፈውን ዊንዶውስ አያነበውም። ከ2 ጊጋባይት በላይ የሆነ ፋይልም ያደናግረዋል። መጠኑ በስሙ ላይ በተጻፈ ዓይነት፣ በኢንት64፣ ተኩት።

ሌላው አንዲት ፊደል ናት። ፋይል ስትከፍቱ ከንባብ ወይም ከጽሕፈት ምልክቱ ቀጥሎ «ቢ» ጨምሩ። ሊኑክስ ላይ ምንም ስለማትሠራ ሰው ይረሳታል። ዊንዶውስ ላይ ያለ እሷ ከተከፈተ፣ ዋጋው 10 የሆነን ባይት (የመስመር መጨረሻ ምልክትን) ስትጽፉ ከፊቱ 13 ይሰካበታል። ስታነቡ ደግሞ ዋጋው 26 የሆነ ባይት የፋይሉ መጨረሻ ተደርጎ ይወሰዳል። የጋሽ ሰይድ ዝርዝር ካንዴላ ላይ ሲደርስ ቀጥ ይል ነበር። ከካንዴላ በታች ያለው ዕቃ ሁሉ የለም። ለምን ካንዴላ? ብዬ ራሴን ስነቀንቅ ዋልኩ። መደርደሪያው ላይ የነበረው ካንዴላ ልክ 26 ፍሬ ነበር።

ዋናው ጣጣ፦ የፋይል ስም በአማርኛ

ይህኛውን ረጋ ብላችሁ አንብቡት። ለኛ አገር ተጠቃሚ የምትሠሩ ከሆነ ከሁሉ በላይ የሚያስለቅሳችሁ እሱ ነው።

ፕሮግራሙ ደሴ አንድ ጓደኛዬ ዊንዶውስ ላይ ጥሩ ሠራ። ደስ ብሎኝ በፍላሽ ይዤ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ መንገዱ የሃረጎን ቁልቁለት ተጠማዝዞ ሲወርድ ብርዱ እየለቀቀ ሙቀቱ ይቀበላችኋል። ሱቅ ደርሼ ጫንኩት። «ፋይሉ የለም» አለ። ፋይሉ ግን ዓይኔ ሥር ቁጭ ብሏል። ደጋግሜ አስነሣሁት፤ ያው ነው። ጋሽ ሰይድ ሻይ አስመጡልኝ። ሻዩ ቀዘቀዘ።

ኋላ የፋይሉን አድራሻ ሳየው ነገሩ በራ። ዊንዶውሱ ሲጫን ልጃቸው የተጠቃሚ ስሙን በአማርኛ «ሰይድ» ብሎ ሞልቶታል። ስለዚህ የሳቸው ፎልደር ስም «ሰይድ» ነው። ፕሮግራሙን ዲ ድራይቭ ላይ ሳደርገው ሠራ። እኔም እንደ ሰነፍ ተውኩት። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ስልክ ተደወለ። ፋይሉን «የጥቅምት ሽያጭ» ብለው ሰይመውት አልከፈት ብሏል።

የሚሆነው እንዲህ ነው። ለሊኑክስ የፋይል ስም የባይት ሰልፍ ነው። ትርጉሙ አያገባውም። በዩቲኤፍ-8፣ የዓለምን ፊደል ሁሉ በሚይዘው የዩኒኮድ አንዱ አጻጻፍ፣ ጽፋችሁ ብትሰጡት እንዳለ ይይዛል። ዊንዶውስ ግን ስሞችን የሚይዘው በሌላው የዩኒኮድ አጻጻፍ፣ በዩቲኤፍ-16 ነው። ሲ ላይ የምናውቀው ፋይል መክፈቻ፣ ኤፍኦፕን፣ ባይቶቹን ሲቀበል በማሽኑ ኮድ ፔጅ (የትኛው ባይት የትኛው ፊደል እንደሆነ በሚናገረው ሰንጠረዥ) ይተረጉማቸዋል። የጋሽ ሰይድ ማሽን ኮድ ፔጅ 1252 ነው፣ ማለትም የላቲን ፊደል። «ሰይድ» በዩቲኤፍ-8 9 ባይት ነው፤ እያንዳንዱ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል። ዊንዶውስ እነዚህን 9 ባይቶች እንደ 9 የተዘበራረቁ የላቲን ምልክቶች አንብቦ በዚያ ስም ፎልደር ይፈልጋል። ከየት ያመጣዋል? በተቃራኒውም ያው ነው። የተጠቃሚው ፎልደር የት ነው ብላችሁ በድሮው ፋንክሽን ብትጠይቁት፣ በ«ሰይድ» ፈንታ ሦስት የጥያቄ ምልክት ይሰጣችኋል።

ታዲያ ኮድ ፔጁን ወደ አማርኛ ብንቀይረውስ? እኔም ይህን ስፈልግ ግማሽ ቀን ጠፋ። የለም። ሩሲያኛ 1251፣ ዐረብኛ 1256 አላቸው። ለአማርኛ እንዲህ ያለ ኮድ ፔጅ ዊንዶውስ ላይ የለም፤ ፊደላችን የገባው በዩኒኮድ ብቻ ነው። ስለዚህ የሩሲያ ፕሮግራመር በራሱ ማሽን ላይ ሞክሮ «ይሠራል» የሚለው ኮድ እኛ ጋ ሲደርስ ይሰበራል።

መፍትሔው ይኸው። የላይብረሪውን የውጭ ፊት አትንኩ፤ እንደ ድሮው ስም በዩቲኤፍ-8 ይቀበል። ለዊንዶውስ በለያችሁት ፋይል ውስጥ አንድ ፋንክሽን ጻፉ። ስሙን ይቀበላል፣ ወደ ዩቲኤፍ-16 ይለውጣል፣ ከዚያ ከፊቱ ደብሊው ያለበትንና ዩቲኤፍ-16 የሚቀበለውን ሰፊውን ኤፍኦፕን ይጠራል። ለመለወጥ መልቲባይት-ቱ-ዋይድቻር የሚባል የዊንዶውስ ፋንክሽን አለ። ሁለት ጊዜ ነው የሚጠራው። በመጀመሪያው ስንት ቦታ እንደሚበቃ ይነግራችኋል፤ ቦታውን አዘጋጅታችሁ በሁለተኛው ታስለውጡታላችሁ።

እኔን የጣለኝ እዚህ ጋ ነው። የስሙን ርዝመት ቆጥሬ ሰጠሁት። ርዝመት ቆጥራችሁ ከሰጣችሁት ደግሞ የቆጠራችሁትን ብቻ ይለውጣል እንጂ የማብቂያዋን ዜሮ አይጨምርም። ስሙ መጨረሻ አጥቶ ሚሞሪ ውስጥ ከጎኑ ካለው ቆሻሻ ጋር ተቀጠለ። ጠዋት ይሠራል፣ ከሰዓት ይወድቃል። በርዝመቱ ቦታ -1 ስጡት፤ ያኔ ዜሮዋንም ቆጥሮ ይለውጣታል። ለ«ሰይድ» የሚያስፈልገው ሦስት ሳይሆን አራት ቦታ ነው።

መክፈቻውን ብቻ አስተካክላችሁ አትቀመጡ። መሰረዣው፣ ስም መቀየሪያው፣ ፎልደር ዘርዛሪው፣ የሲስተም ቫሪያብል አንባቢው ሁሉም ሰፊ ወንድም አላቸው። ሁሉንም ተኩ።

አቋራጭ እንዳለ ትሰሙ ይሆናል። ከዊንዶውስ 10 ስሪት 1903 ጀምሮ አንድ ፕሮግራም ማኒፌስቱ (አብሮት የሚሄደው መግለጫ) ላይ «የኔ ኮድ ፔጅ ዩቲኤፍ-8 ነው» ብሎ ማወጅ ይችላል። ጥሩ ነገር ነው። ግን ውሳኔው የፕሮግራሙ ባለቤት እንጂ የላይብረሪው አይደለም። እንግዳ የቤቱን ዕቃ አያዘዋውርም። ላይብረሪ የምትሠሩ ከሆነ በሱ አትመኩ።

አንድ ማስጠንቀቂያ ስለ ኮንሶሉ። ጥቁሩ የዊንዶውስ መስኮት የግዕዝ ፊደል ሲያጋጥመው ሳጥን ሳጥን ይደረድራል። ኮዳችሁ ትክክል ሆኖም ሳጥን ታያላችሁ፣ ስህተት ሆኖም ሳጥን ታያላችሁ። የምትፈትሹትን ፋይል ላይ ጻፉና በኖትፓድ ክፈቱት።

በስንፍናዬ የደረሰብኝ

ላይብረሪው ዳታ ሲያስቀምጥ አዲሱን በጊዜያዊ ፋይል ይጽፍና ስሙን በአሮጌው ስም ይቀይረዋል። ሊኑክስ ላይ አዲሱ በአንዴ አሮጌውን ይተካል። ዊንዶውስ ላይ ግን የሲው ስም መቀየሪያ በዚያ ስም ፋይል ካለ እምቢ ይላል። እኔ ምን አደረግኩ? አሮጌውን አስቀድሜ ሰርዤ ከዚያ ስም ቀየርኩ። ቴስቱ ሁሉ አለፈ።

አንድ ቀን ከሰዓት ሱቁ ውስጥ መብራት ጠፋ። ልክ በሁለቱ መሃል። አሮጌው ተሰርዟል፣ አዲሱ ገና ስም አላገኘም። በማግስቱ ፕሮግራሙ ተከፍቶ ፋይል ሲያጣ ባዶ መዝገብ ከፈተ። ጋሽ ሰይድ ደውለው የተናገሩት አንድ ቃል ነው፦ «ዕቃዬስ?» ደሴ ጭጋጉ ሳይገፈፍ የመጀመሪያው ሚኒባስ ላይ ነበርኩ። እግዜር ሲረዳኝ ጊዜያዊው ፋይል አልጠፋም፤ ስሙን በእጄ ቀይሬ መለስኩት።

እንዲህ አታድርጉ። ሙቭፋይል-ኤክስ የሚባለውን ሰፊውን ጥሩና «ያለውን ተካ» የሚለውን ምልክት ስጡት። አንዳንዴ አንቲቫይረሱ ፋይሉን ይዞ ሊያስቸግር ይችላል። ትንሽ ቆይታችሁ ደግማችሁ ሞክሩ፤ ይለቀዋል።

ዲኤልኤል

በቪዥዋል ስቱዲዮ ኮምፓይለር የተሠራ ዲኤልኤል (የዊንዶውስ የላይብረሪ ፋይል) ፋንክሽኖቹን በራሱ ወደ ውጭ አያወጣም። ዲክልስፔክ በሚባለው ምልክት አንድ በአንድ ማመልከት አለባችሁ። ዲኤልኤሉ ውስጥ የተጠየቀ ሚሞሪም እዛው ይለቀቅ፤ ለሱ የሚሆን የመልቀቂያ ፋንክሽን ካልነበረ ጨምሩ።

እውነተኛው ዊንዶውስ ላይ መሞከር

የኮድ ማስቀመጫው ድረ ገጽ ጊትሀብ ለሁሉም ክፍት ለሆኑ ፕሮጀክቶች የዊንዶውስ ማሽን በነጻ ያውሳል፤ ቪዥዋል ስቱዲዮም ተጭኖበት ነው የሚመጣው። ያ ሌሊት የባከነው ፓኬጅ ያናድደኛል። ኮዱን ስትልኩ ቴስቱ እዛ ይሂድ። ከቴስቶቹ አንዱ የአማርኛ ስም ያለው ፎልደር ፈጥሮ፣ ውስጡ የአማርኛ ስም ያለው ፋይል ጽፎ፣ መልሶ ያንብብ። ከዚያ አንድ ቀን ሰው ከሚጠቀምበት ተራ ኮምፒውተር ፊት ተቀመጡ።

ሥራውን ለባለቤቶቹ ስትመልሱ በአንድ ትልቅ ክምር አትላኩ። እኔ የወር ተኩሉን ሥራ በአንድ ፑል ሪኩዌስት («ለውጤን ተቀበሉኝ» በሚል ጥያቄ) ብልከው ማንም ዞሮ አላየውም። የሎንጉን ለብቻ፣ የ«ቢ»ዋን ለብቻ፣ የፋይል ስሙን ለብቻ ከፋፍዬ ስልከው አንድ በአንድ ገባ። ከመጨረሻው ጋር ቴስቱን የያዘው፣ «ሰይድ» ያልኩት ፎልደር አብሮ ሄደ። ከላይብረሪው ኃላፊዎች አንዱ ቃሉ ምን ማለት እንደሆነ ጠየቀኝ። የኮምቦልቻ መለዋወጫ ነጋዴ ስም ነው አልኩት። አልቀየረውም።

ለጋሽ ሰይድ ስነግራቸው፣ ስማቸው ዓለም ላይ ኮምፒውተር በፈተነ ቁጥር እንደሚጠራ፣ ጥቂት አሰቡና «ታዲያ ብር አለው?» አሉኝ።