የቆመ መኪና መግዛት፦ አነስተኛ አውቶሞቢል ሲመረጥ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

አዲስ አበባ ውስጥ ያገለገለ አነስተኛ አውቶሞቢል የሚገዛ ሰው አብዛኛውን ጊዜ መኪናውን የሚመዝነው ቆሞ፣ ታጥቦና ተወልውሎ ሳለ ነው። በሩን ከፍቶ ይዘጋል፣ ጎማውን በጫማው ጫፍ መታ መታ ያደርጋል፣ ክሩስኮቱን ያያል፣ ከደላላው ጋር ሰፈሩን አንዴ ዞሮ ይመለሳል፤ ከዚያ በኋላ የሚቀረው የዋጋ ክርክር ብቻ ነው። ከዚህ በታች የማነሳቸው ስህተቶች በአመዛኙ የሚመነጩት ከዚሁ ልማድ ነው። ምሳሌዎቼ በብዛት የቶዮታ ቪትዝና የያሪስ ናቸው፤ በከተማው ጎዳናዎች አዘውትረው የሚታዩት እነርሱ ናቸውና።

ብቻን ሆኖ በሜዳ ላይ መሞከር

ከሁሉም የከፋው ስህተት ይህ ይመስለኛል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ በመሆኗ አየሯ ሳሳ ያለ ነው፤ ተርቦ (አየር በኃይል ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው የቤንዚን ሞተር ደግሞ ጉልበቱ በሚስበው አየር መጠን የሚወሰን ስለሆነ፣ በባሕር ጠረፍ ከነበረው አቅም ከአምስት እጅ አንዱን ያህል እዚህ ያጣል። በወረቀት 70 የፈረስ ጉልበት የተጻፈለት ባለ 1.0 ሊትር ቪትዝ በእኛ ከተማ ወደ 55 የሚጠጋ ብቻ ይቀረዋል ማለት ነው። ገዢው ብቻውን ተቀምጦ በቦሌ መንገድ ሲነዳው ይህ ጉድለት ፈጽሞ አይሰማውም።

አንድ የቅርብ ዘመዴ እንዲህ ሞክሮ ከገዛ በኋላ በመጀመሪያው እሑድ እናቱንና ሁለት እህቶቹን ጭኖ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ማርያም ወጣ። እኩሌታው ላይ ኤሲውን አጠፋ፤ ጥቂት እንደሄደ የካምቢዮውን ዘንግ ከዲ ወደ 2 አወረደ፤ ሞተሩ እየጮኸ መኪናው እንደ እግረኛ ማዝገም ሲጀምር እናቱ ከኋላ ሆነው «ልጄ፣ ወርደን እንግፋልህ ወይ?» አሉት። መኪናው ምንም ብልሽት አልነበረበትም። በ1.0 እና በ1.3 ሊትር ሞተር መካከል ያለው ልዩነት የሚገለጠው እንዲህ ባለ ቦታ በመሆኑ፣ ለሙከራ ሲኬድ ሦስት ጎልማሳ ሰዎችን ይዞ ዳገት መምረጥ፣ ዳገቱ መካከል ሙሉ በሙሉ ማቆምና እንደገና መነሳት ያስፈልጋል። በዚያው ጭነት በፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ላይ ማለፍም ተገቢ ነው፤ በመግለጫው ላይ የሚጻፈው የወለል ከፍታ ብዙውን ጊዜ የባዶ መኪና ሲሆን፣ የደከመ ሾክ አብዞርበር ያለው መኪና ሰው ሲሞላበት ሆዱን ይፈትጋል።

ጠባይን ከብልሽት አለመለየት

እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው የመጀመሪያው ትውልድ ቪትዝ ባለ 1.0 ሊትር ሞተሩ አራት ሲሊንደር ነበረው፤ በ2005 የተተካው ሁለተኛው ትውልድ ግን በዚሁ መጠን ወደ ሦስት ሲሊንደር ወረደ። ሦስት ሲሊንደር ያለው ሞተር ቆሞ ሲሠራ መሪው በእጅ ላይ በስሱ ይንዘፈዘፋል፤ ይህ አሠራሩ ነው። ችግሩ ሁለት ዓይነት ገዢዎች መኖራቸው ነው፦ አንዱ ጤነኛውን መኪና «ሞተሩ አልቋል» ብሎ ጥሎ ይሄዳል፣ ሌላው የሻጩን «ጠባዩ ነው» የሚል መልስ አምኖ ያለቀ የሞተር ጎሚኒ (ሞተሩን ከመኪናው አካል ጋር የሚያያይዘውና ንዝረቱን የሚይዘው ላስቲክ) ይሸምታል። መለያው ቀላል ነው። የሞተሩ ተፈጥሯዊ ንዝረት ነዳጅ በጥቂቱ ሲረገጥ ይጠፋል፤ የጎሚኒ ችግር ከሆነ ግን ማርሹ ከፒ ወደ ዲ ሲገባ ወይም ከቆመበት ሲነሳ የሚሰማ ምት አለው።

በሁለተኛው ትውልድ ባለ 1.3 ሊትሮቹ ላይ የሚገኘው ሲቪቲ የተባለው፣ በደረጃ ሳይሆን ያለማቋረጥ የሚቀያየረው ካምቢዮም እንዲሁ ይታማል። ነዳጅ በደንብ ሲረገጥ የሞተሩ ድምፅ ቀድሞ ይወጣና ፍጥነቱ ኋላ ይከተላል፤ በደረጃ የሚቀያየር ማርሽ ለለመደ ሰው ካምቢዮው የሚንሸራተት ይመስለዋል። ሊያሳስብ የሚገባው ከቆመበት ሲነሳ የሚያንቀጠቅጥ ወይም እያፏጨ የሚሄድ ከሆነ ነው። ዘይቱ መቼና በምን ዓይነት እንደተቀየረ መጠየቅም ግዴታ ነው፤ ለተራ አውቶማቲክ የሚሆነው ዘይት ለሲቪቲ አይሆንም።

የሞቀ ሞተር ማዳመጥ

ሻጩ «አስነስቼ ጠበቅኩህ» ካለ አመስግኖ ቀጠሮውን ወደ ማግስቱ ጠዋት ማዞር ይሻላል። ኮፈኑ በመዳፍ ሲነካ ቀዝቃዛ መሆን አለበት፤ የጭስ ቀለምና የሞተር ኳኳታ በደንብ የሚታወቁት በዚያ ሰዓት ነው። ሞተሩ ታጥቦ የሚያብረቀርቅ ከሆነም የዘይት ፍሳሽ ካለ ተሸፍኗልና ከሙከራ ጉዞው በኋላ ከሥሩ ጎንበስ ብሎ ማየት ያስፈልጋል።

መሪው ከየት እንደመጣ አለመጠየቅ

ቪትዝ የሚለው ስያሜ እስከ 2020 እ.ኤ.አ. የጃፓን ገበያ ስም ነበር፤ ይኸው መኪና ለአውሮፓ ሲላክ ያሪስ ይባል ነበር። በጃፓን መሪ በቀኝ በኩል ስለሆነ፣ ቪትዝ ሆኖ መሪው በግራ ያለ መኪና ሲገኝ በኋላ የተዛወረ መሆኑን መገመት ይገባል። ሥራው በጥንቃቄ ከተሠራ መኪናው ለዓመታት ያገለግላል፤ በጥድፊያ ከተሠራ ግን የመሪው፣ የፍሬን ፔዳሉና የገመዶቹ መዛወር ዘወትር ጋራዥ ያመላልሳል። ምልክቶቹን ማንም ሊያያቸው ይችላል። የዝናብ መጥረጊያው በግራ በኩል፣ በሾፌሩ ፊት፣ ሳይጠረግ የሚያልፈው ሰፊ ጥግ ይኖራል። ሲመሽ መኪናውን ከግድግዳ ፊት አቁሞ አጭሩን መብራት ማብራት ደግሞ ብዙ ይናገራል፤ ለጃፓን የተሠራ መብራት ብርሃኑን ወደ ግራ ከፍ ስለሚያደርግ እዚህ ከፊት የሚመጣውን ሾፌር ዓይን ያጨልማል። ብዙ ሰው መሪውን አዛውሮ መብራቱን ይረሳዋል።

ለሚያብረቀርቀው ነገር መክፈል

ትልቅ ቸርኬ፣ ሰፊ ስክሪንና የኋላ ካሜራ ዋጋ ሲያስጨምሩ ይታያል። ቸርኬውን ብቻ በቁጥር እንየው፦ 165/70 የተባለ ባለ 14 ጎማ ከቸርኬው ጠርዝ እስከ አስፋልቱ 115 ሚሊ ሜትር ያህል የጎማ ግድግዳ ሲኖረው፣ 205/45 የሆነ ባለ 17 ጎማ ያለው 92 ብቻ ነው። በጉድጓድ መንገድ ምቾት የሚሰጠውም ቸርኬውን የሚያድነውም ይህ ግድግዳ ነው። በአንጻሩ ሰዎች ስለ ኤርባግ አይጠይቁም። ቁልፉ ሲዞር የኤርባጉ ምልክት በርቶ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ መጥፋት አለበት፤ ጭራሹን ካልበራ አንድ ሰው ሆን ብሎ አጥፍቶት ሊሆን ይችላል።

የፋብሪካን ቁጥር እንደ ቃል ኪዳን መቀበል

«በሊትር ይህን ያህል ይሄዳል» የሚለው የካታሎግ ቁጥር ላቦራቶሪ ውስጥ የተለካ ነው። ትክክለኛውን የሚያሳየው ነዳጁን ጢም አድርጎ ሞልቶ፣ እንደ ወትሮው ነድቶ፣ እንደገና ሲሞላ የተሄደበትን ኪሎ ሜትር ለገባው ሊትር ማካፈል ነው። በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ ወደ ኤሌክትሪክ የሚዞረው ገዢም ከዚህ አያመልጥም። የቻይናው አነስተኛ የኤሌክትሪክ መኪና፣ የቢዋይዲ ሲገል፣ አነስተኛው ባትሪ 30 ኪሎ ዋት ሰዓት ሲሆን በቻይና መለኪያ 305 ኪሎ ሜትር ተጽፎለታል፤ ይሁንና መለኪያው በአማካይ በሰዓት ከ30 ኪሎ ሜትር በታች በሆነ ዝግ ያለ ጉዞ ላይ የተመሠረተ ነው። አራት ሰው ጭኖ ከአዳማ ሲመለስ፣ 650 ሜትር ያህሉን አቀበት ለመውጣት ብቻ 2.5 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ይበላል። የሚያስመሰግነው ነገር የኤሌክትሪክ ሞተር በሳሳ አየር አለመድከሙ ነው፤ እንጦጦን ከላይ ካነሳሁት ቪትዝ በተሻለ ይወጣል።

«መኪና አይከስርም» ብሎ ማሰብ

ያረጁ መኪኖች ላይ ቀረጥ መክበዱ፣ ከዚያም ክልከላውና ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ መውረዱ ተደማምረው የቤንዚን መኪና ዋጋ በብር ሲቆጠር ከፍ እንዲል አድርገዋል። ይህን እንደ ትርፍ የሚቆጥር ሰው በዚያው ዘመን የመለዋወጫውም ዋጋ አብሮ እንደወጣ ይዘነጋል። ስለዚህ ቀብድ ከመክፈል በፊት የሞዴሉን ዓመትና የሻንሲ ቁጥሩን ይዞ ወደ መለዋወጫ ገበያው ሱማሌ ተራ ወርዶ የሦስት ዕቃዎችን ዋጋ መጠየቅ ይበጃል፦ የፊት ሾክ አብዞርበር፣ የፊት መብራትና ስፖኪዮ። ባለ ሱቁ «ለእሱ እንኳ በትእዛዝ ነው የሚመጣው» ካለ፣ የመኪናው ዋጋ ለምን እንደረከሰ መልሱ ተገኝቷል።