ኤስቪኤም እንዴት ይሠራል? መጀመሪያ በወረቀት፣ ከዚያ በፓይተን

ማሽን ለርኒንግ (ኮምፒውተርን ከመረጃ እንዲማር ማድረግ) መማር የጀመረ ሰው ሰፖርት ቬክተር ማሽን፣ ባጭሩ ኤስቪኤም፣ የሚለው ስም ጋ ሲደርስ ብዙ ጊዜ ይሸሻል። ነገሮችን በየምድባቸው የሚለይ ዘዴ ነው። ስሙ ያስፈራል፤ ከጀርባው ያለው ሒሳብም ቀላል አይደለም። ዋናው ሐሳብ ግን በእርሳስና በወረቀት ያልቃል። ስለዚህ ኮምፒውተሩን ለጊዜው ተዉትና ካሬ ካሬ ያለው ወረቀት አውጡ። ኮድ መገልበጥ ማንንም አያቅተውም፤ ሞዴሉ ሲሳሳት ምኑን መንካት እንዳለበት የሚያውቀው ግን ይህን ሥዕል አንዴ በእጁ የሣለ ሰው ነው።

በወረቀት ላይ

አንድ አግድም፣ አንድ ቁም መስመር አስምሩና ቁጥር ስጧቸው። ሦስት ቀይ ነጥብ አስቀምጡ፦ (1፣ 1)፣ (1፣ 3) እና (3፣ 1)። ሦስት ሰማያዊ ደግሞ (4፣ 4)፣ (5፣ 5) እና (6፣ 4) ላይ። አሁን ቀዩን ከሰማያዊው የሚለይ ቀጥ ያለ መስመር አስምሩ።

አንዱን ካሰመራችሁ በኋላ ትንሽ ዘንበል አድርጋችሁ ሌላ አስምሩ። እሱም ይለያል። ሦስተኛውም እንደዚያው። ታዲያ የትኛው ይሻላል? ኤስቪኤም የሚመልሰው ይህንን ጥያቄ ነው፤ መልሱም በሁለቱ ቀለሞች መካከል ሊያልፍ የሚችለውን ሰፊውን መንገድ ፈልጉና ድንበሩን መሃሉ ላይ አድርጉት የሚል ነው። ነገ የሚመጣው አዲስ ነጥብ ካየናቸው ትንሽ ፈንጠር ቢል እንኳ ድንበሩን በቀላሉ አይሻገርም።

በእኛ ሥዕል የመንገዱ አንዱ ዳር በ(1፣ 3) እና በ(3፣ 1) ላይ ያልፋል፣ ሌላው ዳር (4፣ 4)ን ይነካል። መሃል ላይ ያለው ድንበር ሁለቱ ቁጥሮች ተደምረው 6 የሚሰጡበት መስመር ነው። የመንገዱ ስፋት 2.83 ገደማ ይሆናል፤ ኅዳግ የሚባለው ይህ ነው። አዲስ ነጥብ ሲመጣ መደመር ብቻ ነው። (2፣ 3) ድምሩ 5 ስለሆነ ቀይ፣ (4፣ 3) ድምሩ 7 ስለሆነ ሰማያዊ።

አሁን ላጲስ አንሡ። (1፣ 1)ን አጥፉት። ድንበሩ ንቅንቅ አይልም። (5፣ 5)ን እና (6፣ 4)ንም አጥፉ፣ አሁንም ያው ነው። እነሱን መልሱና (3፣ 1)ን ብቻ አጥፉ፦ ሰፊው መንገድ ሌላ አቅጣጫ ይይዛል፣ ድንበሩም የመጀመሪያው ቁጥር በ3 ተባዝቶ ከሁለተኛው ጋር ሲደመር 11 የሚሰጥበት መስመር ላይ ይሄዳል። ድንበሩን ደግፈው የያዙት እነዚያ ዳር ላይ የቆሙ ነጥቦች ናቸው፣ ሰፖርት ቬክተር የሚባሉትም እነሱ ናቸው። ሌላው ሁሉ ቢኖርም ባይኖርም ለውጥ የለውም። የኤስቪኤም ውበቱም ጣጣውም ከዚህ ይመነጫል፤ ለመለየት በሚያስቸግሩት ጥቂት ነጥቦች ላይ ይመሠረታል፣ ስለዚህ ከእነሱ አንዱ የተሳሳተ ምልክት ቢለጠፍበት መዘዙ ትልቅ ነው።

መስመሩ እምቢ ሲል

እውነተኛ መረጃ እንደዚህ ንጹሕ ሆኖ አይመጣም። ቭላድሚር ቫፕኒክና አሌክሲ ቼርቮኔንኪስ በ1960ዎቹ ሶቪየት ኅብረት ውስጥ የመጀመሪያውን ሐሳብ ሲያወጡ ነጥቦቹ በቀጥታ መስመር ፍጹም እንደሚለያዩ ታሳቢ አድርገው ነበር። በ1995 ኮሪና ኮርቴስና ቫፕኒክ ያሳተሙት ሥራ ይህን አላላው። አንዳንድ ነጥብ መንገዱ ውስጥ ይግባ፣ እንዲያውም ወደ ማዶ ይሻገር፣ ግን ቅጣት ይክፈል። የቅጣቱን መጠን የምትወስኑት እናንተ ናችሁ፤ ስሙ ሲ ነው። ሲ ሲተልቅ ሞዴሉ ስሕተትን አይታገስም፣ መንገዱም ይጠባል። ሲያንስ መንገዱ ይሰፋል፣ ጥቂት ስሕተትም ይታለፋል።

ሁለተኛው ችግር መስመሩ ከነጭራሹ የማይሠራበት ጊዜ ነው። በአንድ ቁም መስመር ላይ ቀዮቹ -1፣ 0 እና 1 ላይ፣ ሰማያዊዎቹ -3 እና 3 ላይ ይሁኑ። አንድ ቦታ ቆርጣችሁ ልትለዩአቸው አትችሉም። እያንዳንዱን ቁጥር በራሱ አባዙትና ሁለተኛ ልኬት አድርጉት። ቀዮቹ 1፣ 0፣ 1 ይሆናሉ፣ ሰማያዊዎቹ 9 እና 9። አሁን 5 ላይ መቁረጥ ይበቃል። ከርነል የሚባለው ዘዴ ይህንኑ ይሠራል፣ ልዩነቱ አዲሱን ልኬት አንድ በአንድ ሳያሰላ የነጥቦቹን መመሳሰል ብቻ አስልቶ እዚያው መድረሱ ነው። በርንሃርድ ቦዘር፣ ኢዛቤል ጉዮንና ቫፕኒክ በ1992 ከሰፊው መንገድ ሐሳብ ጋር አጣመሩት።

ወደ ፓይተን

ሳይኪት ለርን የሚባለውን የፓይተን ላይብረሪ (ተዘጋጅቶ የሚገኝ የኮድ ስብስብ) ጫኑ። አብሮት የሚመጣ የጡት ዕጢ መረጃ አለ፤ 569 ናሙና፣ ለእያንዳንዱ 30 ልኬት። 357ቱ አደገኛ ያልሆኑ፣ 212ቱ አደገኛ ናቸው። ለጀማሪ በጣም ጥሩ ነው።

መጀመሪያ መረጃውን ክፈሉት። 80 በመቶው ለማሠልጠኛ፣ 20 በመቶው ለፈተና፤ የሁለቱ ምድብ ድርሻ በሁለቱም ክፍል እኩል ይጠበቅ። የፈተናውን ክፍል እስከ መጨረሻው አትንኩት።

ቀጥሎ ልኬቶቹን ወደ አንድ ሚዛን አምጡ። ይህችን እርምጃ የሚዘል ሰው ብዙ ነው፣ ውጤቱም ይበላሻል። ኤስቪኤም የሚያየው ርቀትን ነው። ቁመት በሜትር፣ ክብደት በግራም ብትሰጡት፣ የ0.3 ሜትር ልዩነት ከ10,000 ግራም ልዩነት አጠገብ ከዜሮ አይለይም፤ ቁመት ጨርሶ ከጨዋታ ውጪ ሆነ ማለት ነው። እያንዳንዱን ልኬት አማካዩ 0፣ መደበኛ ልይይቱ (ከአማካዩ የመበታተኑ መጠን) 1 እንዲሆን አድርጉት። አማካዩን የምታሰሉት ግን ከማሠልጠኛው ክፍል ብቻ ይሁን፣ ያለዚያ የፈተናው መረጃ ሾልኮ ይገባል። ሚዛን ማስተካከያውንና ሞዴሉን ፓይፕላይን (እርምጃዎችን በተራ የሚያስኬድ መሣሪያ) ውስጥ አንድ ላይ ብታስሩ ይህ በራሱ ይስተካከላል።

ከዚያ አርቢኤፍ የተባለውን ከርነል ይዛችሁ አሠልጥኑ። ላይብረሪው ምንም ካልነገራችሁት የሚመርጠውም እሱን ነው፣ ሲንም 1 ያደርገዋል። አርቢኤፍ ጋማ የሚባል ሌላ ቁልፍ አለው፤ አንድ ነጥብ ተጽዕኖው እስከ የት እንደሚደርስ ይወስናል። ጋማ ሲያድግ ተጽዕኖው ቅርብ ላይ ይቀራል፣ ድንበሩም በእያንዳንዱ ነጥብ ዙሪያ ይጠማዘዛል።

ሁለቱን ቁልፎች በግምት አትምረጡ። ለሲ 0.1፣ 1፣ 10 እና 100፣ ለጋማ 0.001፣ 0.01፣ 0.1 እና 1 ስጡና ጥምረቶቹን ሁሉ አንድ በአንድ በሚሞክረው በግሪድ ሰርች አስፈልጉ። 16 ጥምረት ነው፤ በአምስት ዙር ክሮስ ቫሊዴሽን (የማሠልጠኛውን መረጃ አምስት ቦታ ከፍሎ በየተራ አንዱን ለመፈተኛ ማስቀረት) 80 ጊዜ ይሠለጥናል። በዚህ መረጃ ላይ ቶሎ ያልቃል።

አሁን የፈተናውን ክፍል አውጡ። ትክክል የሆነውን በመቶኛ ብቻ አይታችሁ አትርኩ። ሁሉንም «አደገኛ አይደለም» የሚል ባዶ ሞዴል እንኳ በዚህ መረጃ 63 በመቶ ገደማ ያገኛል። ስሕተቶቹን በየዓይነታቸው ለያይታችሁ ቁጠሩ፦ አደገኛ ሆነው ሳለ ስንቱ አመለጡ? ለበሽተኛው ዋናው ቁጥር ይህ ነው።

መረጃችሁ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ከሆነ የከርነሉ መንገድ በጣም ይዘገያል፤ የሥልጠናው ጊዜ ቢያንስ በናሙናው ብዛት ስኩዌር ስለሚያድግ ቀጥታ መስመር ብቻ የሚጠቀመውን ዓይነት ውሰዱ። ጽሑፍን ለመመደብ ደግሞ ብዙ ጊዜ እሱ ይበቃል።

አንድ ነገር ልጨምር። ሥልጠናው ሲያልቅ ሞዴሉ ስንት ሰፖርት ቬክተር እንደያዘ ይነግራችኋል። ያሠለጠናችሁበት ነጥብ ሁሉ ማለት ይቻላል ሰፖርት ቬክተር ሆኖ ከተገኘ፣ በማሠልጠኛው ላይም ስሕተት ከሌለ፣ ሞዴሉ ሸምድዷል። ጋማን ቀንሱና እንደገና አሠልጥኑ።