ኤሊና ዓሣ በአንድ ኩሬ፦ ችግሮቹና መፍትሄዎቻቸው

በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የጓሮ ኩሬዎች ውስጥ በብዛት የሚታየው ከዓይኑ ጀርባ ቀይ መስመር ያለው የውሃ ኤሊ ነው። ሲገዛ መዳፍ ላይ የሚያርፍ ቢሆንም፣ ሴቷ ስትጎለምስ ድንጋይ ልብሷ እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ሊደርስ፣ ዕድሜዋም ከ20 ዓመት ሊያልፍ ይችላል። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ችግሮች አብዛኞቹ ከውሃው ንጽሕና፣ ከፀሐይ ማነስና ከቦታ ጥበት የሚመነጩ በመሆናቸው፣ መድኃኒት ከመፈለግ በፊት ኩሬውን መመርመር ይበጃል። ሣር ላይ ሲሄድ የሚገኘው ባለጉልላት ጀርባ የዱር ኤሊ ግን የየብስ እንስሳ ስለሆነና ጥልቅ ውሃ ውስጥ ሊሰጥም ስለሚችል፣ አንስቶ ኩሬ ውስጥ መጨመር አይገባም።

ዓሦቹ ውሃው አናት ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍታሉ፤ ኤሊው ግን ደህና ይመስላል

ኤሊ የሚተነፍሰው ከውሃው በላይ ያለውን አየር ስለሆነ፣ የውሃው ኦክስጅን ሲያንስ አይታወቅበትም፤ የኩሬውን መበላሸት ቀድሞ የሚናገረው ዓሣው ነው። ምልክቱ ጎህ ሲቀድ ብቻ የሚታይና ረፈድ ሲል የሚጠፋ ከሆነ፣ አልጌውና ዕፅዋቱ ሌሊቱን ኦክስጅኑን ተጠቅመውበታል ማለት ነው፤ በተለይ በሞቃት ወራት የአየር ፓምፕ ሌሊቱን ሙሉ እንዲሠራ ማድረግ ያስፈልጋል። ቀኑን ሙሉ የሚቀጥል ከሆነ ግን አሞኒያ፣ ማለትም ከእንስሳቱ ቆሻሻ የሚመነጨው መርዝ፣ መጠርጠር አለበት። ኤሊ ከዓሣ ይልቅ ብዙ ቆሻሻ ስለሚያወጣ፣ ለዓሣ ብቻ ታስቦ የተገዛ ማጣሪያ አይበቃውም፤ ከኩሬው መጠን ሁለት ወይም ሦስት እጥፍ ለሚሆን ውሃ የተሠራ ማጣሪያ መምረጥ ይሻላል። በውሃ መመርመሪያ ኪት ሲለካ አሞኒያም፣ ከአሞኒያ የሚፈጠረው ሌላው መርዝ ናይትራይትም ዜሮ መሆን አለባቸው፤ ካልሆኑ ምግቡን መቀነስና ከውሃው ሩቡን መቀየር ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚስቱት ነገር አለ። የቧንቧ ውሃን አሳድሮ መጠቀም ክሎሪንን ሊያስወግድ ቢችልም፣ በዋሽንግተን ዲሲ የቧንቧ ውሃ ውስጥ አብዛኛውን ዓመት የሚጨመረው ክሎራሚን (የክሎሪንና የአሞኒያ ውህድ) ግን በማሳደር አይለቅም፤ ስለዚህ ክሎራሚንን የሚያከሽፍ ፈሳሽ መጨመር ግድ ነው። የማጣሪያውን ስፖንጅ በቧንቧ ውሃ ማጠብም አሞኒያን የሚያከስሙትን ባክቴሪያዎች ስለሚገድል፣ ከኩሬው በተቀዳ ውሃ ማለቅለቅ ይገባል። ውሃውን በጎማ ሲያወጡ በአፍ መሳብ ፈጽሞ አይገባም፤ ጤነኛ የሚመስል ኤሊ ሰውን የሚያሳምም ሳልሞኔላ የተባለ ባክቴሪያ ሊይዝ ይችላል፤ ድንጋይ ልብሱ 4 ኢንች ያልሞላ ኤሊ ለቤት እንስሳነት እንዳይሸጥ በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1975 ጀምሮ የተከለከለውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ዓሦች ጅራታቸው ተነክሶ ይገኛል ወይም ይጠፋሉ

የተነከሰ ክንፍና ጅራት ኤሊውን ያመለክታል፤ ትልልቅ ዓሦች በአንድ ሌሊት ደብዛቸው ከጠፋ ግን ራኩን ወይም ዓሣ በል ወፍ መጠርጠር ይቀላል፤ መፍትሄውም መረብ ነው። ኤሊውን ማጥገብ ንክሻውን ይቀንሰው ይሆናል እንጂ አያስቀረውም። ኤሊው የማያልፍበት፣ ዓሣው ግን የሚሸሽበት በወንፊት የተከለለ ጥግ ማዘጋጀት ይረዳል፤ ኮይ የተባለው ውድ የጌጥ ዓሣ ያለው ሰው ግን፣ በእኔ እምነት፣ ሁለት ኩሬ ቢኖረው ይሻለዋል። ትንንሽ ወርቃማ ዓሦችን ለኤሊ ዋና ምግብ ማድረግም ቫይታሚን ቢ1ን ስለሚያሳጣው አይመከርም።

ድንጋይ ልብሱ ይላላጣል፣ ይለሰልሳል ወይም ይሸታል

ስስና ብርሃን የሚያሳልፍ ልጣጭ ቢነሳ የዕድገት ምልክት ነው፤ በጣት ሊፋቅ አይገባም። መሽተት፣ መቦርቦርና ነጭ ወይም ቀይ ነቁጥ ግን የመበስበስ ምልክቶች ናቸው። አብዛኛውን ጊዜ መንስኤው ኤሊው ሙሉ በሙሉ የሚደርቅበት ቦታ ማጣቱ ነው፤ ፀሐይ በቀጥታ የሚያገኘው፣ ተዳፋት ያለው ግንድ ወይም ድንጋይ ይዘጋጅለት። ቁስሉ ከጠለቀ ሐኪም ሊያየው ይገባል። መላው ድንጋይ ልብስ ከለሰለሰ ደግሞ የካልሲየምና የፀሐይ እጥረት ነው፤ በመስታወት ውስጥ ያለፈ ፀሐይ ለዚህ አይጠቅምም።

ዓይኑ ያብጣል ወይም አፍንጫው አረፋ ያወጣል

ያበጠ ዓይን ከቫይታሚን ኤ እጥረትና ከቆሻሻ ውሃ ጋር ይያያዛል። አረፋ የሚያወጣ ወይም ወደ አንድ ጎን አዘንብሎ የሚዋኝ ኤሊ ግን ሳንባው ታሞ ሊሆን ስለሚችል፣ የቤት ውስጥ ሕክምና ሳይሞከርበት ተሳቢ እንስሳትን ለሚያክም ሐኪም መወሰድ አለበት።

ሴቷ ከኩሬው እየወጣች አፈር ትቆፍራለች

ይህ በሽታ አይደለም፤ በግንቦትና በሰኔ እንቁላል የምትጥልበትን ቦታ እየፈለገች ነው፤ ወንድ ባይኖርም እንቁላል ትጥላለች። አሸዋ የተቀላቀለበት ልል አፈር በአጥሩ ውስጥ ካላገኘች እንቁላሉን አምቃ ልትሞት ትችላለች። ኤሊ መውጣት ስለሚችል የአጥሩ አናት ወደ ውስጥ የታጠፈ ይሁን።

ቅዝቃዜ ሲመጣ መብላት ያቆማል

የውሃው ሙቀት ወደ 15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲወርድ፣ ሆዱ ውስጥ የቀረ ምግብ ሳይፈጭ እንዳይበሰብስ መመገብ ይቁም። የታመመ፣ የከሳ ወይም ገና ትንሽ የሆነ ኤሊ የቅዝቃዜውን ወራት ቤት ውስጥ ያሳልፍ። ጤነኛው ኤሊ ኩሬ ውስጥ የሚቆይ ከሆነ፣ ውሃው እስከ ታች ድረስ በረዶ የማይሆንበት ጥልቀት፣ እንዲሁም በረዶው ላይ ክፍተት የሚጠብቅ ማሞቂያ ያስፈልጋል። ክፍተቱ ከተዘጋ ሙቅ ውሃ ያለበት ድስት በረዶው ላይ አስቀምጦ ማቅለጥ እንጂ በመዶሻ መምታት አይገባም፤ ምቱ ዓሦቹን ይጎዳል።