የአኒሜ ብሉሬይ ስትገዙ፦ ሪጅን፣ ደብ እና ሰብታይትል

አዲስ የአኒሜ (የጃፓን አኒሜሽን) ብሉሬይ ዲስክ ሲወጣ ከሳጥኑ ውበት በፊት ጀርባው ላይ በትንንሽ ፊደል የተጻፈውን አንብቡ። ገንዘብ የሚያስከስረው ብዙ ጊዜ እዚያ ያልተነበበው ነው።

መጀመሪያ የሚታየው ሪጅን ነው፤ ዲስኩ በየትኛው የዓለም ክፍል ማጫወቻ እንደሚከፈት የሚወስነው ምልክት። ብሉሬይ ዓለምን በሦስት ይከፍላል። ኤ አሜሪካንና ጃፓንን፣ ቢ አውሮፓን፣ አፍሪካንና መካከለኛው ምሥራቅን፣ ሲ ደግሞ ቻይናን፣ ሕንድንና ሩሲያን ይይዛል። አዲስ አበባም ቴል አቪቭም ዱባይም ቢ ውስጥ ናቸው፤ የእንግሊዝኛ ደብ (በሌሎች ተዋንያን የተተረጎመ ድምፅ) ያላቸው ዲስኮች ግን በብዛት የሚወጡት አሜሪካ ነው፣ ብዙዎቹም በኤ የተቆለፉ ናቸው። ፕሌይስቴሽን 5 ደግሞ የሚያየው ለየትኛው ገበያ እንደተሠራ እንጂ አሁን ያለበትን አገር አይደለም። ለዱባይ ገበያ የተሠራ ኮንሶል ከዋሽንግተን ዘመድ የላከላችሁን የኤ ዲስክ አይከፍትም፤ ከቅንብሩ ውስጥ የሚቀየርም ነገር የለም። ያላችሁ ምርጫ ሪጅን የማይመርጥ ማጫወቻ መግዛት ወይም ለእንግሊዝ ገበያ የወጣውን የቢ እትም መፈለግ ነው። ፎርኬ (4K፣ ከተራው ብሉሬይ የላቀ የምስል ጥራት ያለው) ዲስክ የሪጅን ቁልፍ የለበትም፤ አብሮት በሳጥኑ የሚመጣው ተራ ብሉሬይ ግን ሊኖርበት ይችላል።

ዲቪዲ የራሱ ቁጥሮች አሉት፦ አሜሪካ 1፣ ጃፓን 2፣ ኢትዮጵያ 5። የኮምፒውተር ዲቪዲ ማንበቢያ ሪጅኑን 5 ጊዜ ብቻ ያስቀይርና የመጨረሻው ላይ ይቆለፋል፤ ስለዚህ ለሙከራ ብላችሁ አትቀያይሩት።

የጃፓን የብሉሬይ እትም ከአሜሪካው ጋር በሪጅን ቢገጥምም፣ ብዙ ጊዜ የእንግሊዝኛ ሰብታይትል የለውም። በአንድ ዲስክ 2 ወይም 3 ክፍል ብቻ ይዞ በውድ የሚሸጥም ሞልቷል።

ቀጥሎ ደቡ። «እንግሊዝኛ» የሚለው ቃል ብቻውን አይበቃም፤ አንድ ሥራ ሁለት ደብ ሊኖረው ይችላል። ኒዮን ጀነሲስ ኢቫንጄሊዮን የተባለውን ተከታታይ ውሰዱ። በ2019 ኔትፍሊክስ ላይ በአዲስ ተዋንያን ድምፅ ወጣ። የአሜሪካው አከፋፋይ ጂኪድስ በ2021 በብሉሬይ ሲያወጣው ተራው እትም አዲሱን ደብ ብቻ ያዘ፤ የድሮውን የሚጨምሩት ውዶቹ እትሞች ናቸው። የድሮውን ደብ እየሰማ ላደገ ሰው ይህ ትንሽ ልዩነት አይደለም፤ የዋጋውን ልዩነት መክፈል ያዋጣዋል ብለን እናምናለን።

ሰብታይትሉን ሳጥኑ አይነግራችሁም፣ ራሳችሁ መፈተን አለባችሁ። አንዳንድ አሳታሚ ከጃፓንኛው በቀጥታ ከማስተርጎም ይልቅ የደቡን ንግግር ገልብጦ ያስቀምጣል። ድምፁን ወደ ጃፓንኛ ቀይራችሁ 5 ደቂቃ ያህል ተመልከቱ። ገጸ ባሕሪው ስም ብቻ ጠርቶ ከታች ረጅም ዓረፍተ ነገር ከወጣ፣ ወይም ማንም ሳይናገር ጽሑፍ ከመጣ፣ የደብ ግልባጭ ነው። እንዲህ ያለው ዲስክ በጃፓንኛ ለሚያይ ሰው አይሆንም፤ ደራሲው ያላለውን ያስነብበዋል። በደብ ለምታዩ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ብዙ ዲስኮች የምልክቶችንና የዘፈኖችን ትርጉም ብቻ የያዘ ሁለተኛ ሰብታይትል አላቸው። በራሱ ካልበራ ከሪሞቱ ምረጡት፣ አለዚያ ስክሪኑ ላይ የሚታየው ደብዳቤ ሳይገባችሁ ያልፋል።

ሳጥኑ ውስጥ ያለችውን የዲጂታል ኮድ ከዋጋው ጋር አትደምሯት። የአኒሜ ማሳያ የነበረው ፈኒሜሽን ሚያዝያ 2024 ሲዘጋ፣ ሰዎች ከዲስክ ጋር ያገኟቸው ዲጂታል ቅጂዎች ወደ ተተኪው ማሳያ ክራንቺሮል አልተዛወሩም። ዲስኩ ግን ዛሬም ይሠራል።

ሐሰተኛ ቅጂ የሚታወቀው በክፍሎቹ ብዛት ነው። ባለሁለት ንብርብር ዲቪዲ 8.5 ጊጋባይት ብቻ ይይዛል፤ 50 ክፍል በሁለትና በሦስት ዲስክ ታጭቆ «ለሁሉም ሪጅን» ከተባለ ምስሉ የተጨፈለቀ፣ ሰብታይትሉም ግራ የሚያጋባ ይሆናል። ይህ መለኪያ ለብሉሬይ አይሠራም፤ ባለሁለት ንብርብሩ 50 ጊጋባይት ስለሚይዝ፣ የአሜሪካው አሳታሚ ዲስኮቴክ ሚዲያ ለምሳሌ በድሮ የምስል ጥራት የቀሩ ረጃጅም ተከታታዮችን በአንድ ዲስክ ላይ በሕጋዊ መንገድ ያወጣል።

ዲስኩ እጃችሁ እንደገባ፣ የመመለሻው ጊዜ ሳያልፍ ሁሉንም ፈትሹ። ንባቡ በባለአንድ ንብርብር ዲስክ ከመሃል ወደ ጠርዝ ስለሚሄድ፣ በባለሁለቱ ደግሞ ጠርዝ ደርሶ ወደ መሃል ስለሚመለስ፣ ጉዳትም ጠርዝ ላይ ስለሚበዛ፣ የእያንዳንዱን ዲስክ የመካከለኛውንና የመጨረሻውን ክፍል አጫውቱ። አዲስ ዲስክ ጭራሽ ካልተከፈተ፣ ከመመለሳችሁ በፊት የማጫወቻውን ሶፍትዌር አድሱ፤ አሮጌ ማጫወቻ የአዳዲስ ዲስኮችን የመቆለፊያ ቁልፍ አያውቅም። የጣት አሻራ ካለበት በለስላሳ ጨርቅ ከመሃል ወደ ውጭ ጥረጉ። የብሉሬይ መረጃ ከገጹ በታች 0.1 ሚሊሜትር ላይ ብቻ ስለሆነ እያዞሩ መፈተግ ይጎዳዋል።